ጣራ ላይ የነበረን ጓሮ

ባለቤቴ ዳንኤል ሲሞት ልጅ አልነበረንም። ትቶልን የሄደው ጣራ ላይ የተተከለ ጓሮ ነው። «ትቶልን» የምለው ለእኔና ለእናቱ ማለቴ ነው።

ያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ፣ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ከበራችን ጎን ያለው ጠባብ ደረጃ ወደ ጣራው ያወጣል። ጣራው ቆርቆሮ አይደለም፤ ጠፍጣፋ የአርማታ ሶሌታ ነው። ከእኛ በፊት ልብስ ሊያሰጣ ካልሆነ ማንም አይወጣበትም ነበር።

ዳንኤል የሕንፃ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ሲስል ይውልና ማታ እራት ላይ፣ «እኛ መቼም መሬት አይኖረን። ጣራ ግን አለን» ይለኛል። ቀልዱን መስሎኝ ስስቅ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ አፈር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ አየሁትና ሳቄ ቆመ። ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ለምኖ ሣጥን ሠራ። ክብደቱ ሶሌታውን እንዳይጎዳ ሣጥኖቹን ከሥር ግድግዳ ባለበት በኩል ብቻ ደረደራቸው፤ ውሃ እንዳይሰርግ ከሥራቸው ላስቲክ አነጠፈ። የድንችና የሽንኩርት ልጣጩን፣ ከማኪያቶ ቤት የሚለምነውን የቡና አተላ፣ የደረቀውን ቅጠል ሁሉ አንድ ላይ እያበሰበሰ አፈሩን ይመግበዋል። በደረጃው አናት ላይ ካለችው ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ በርሜል ውስጥ ያጠራቅማል። ማዳበሪያ ገዝተን አናውቅም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሥር፣ በሶብላና ጤና አዳም ከጣራችን እየቀነጠስን እንበላ ነበር።

ከሁሉ የሚሳሳለት ግን ኮኩን ነው። እናቱን ሊጠይቅ መንዝ ሄዶ ሲመለስ፣ ከእናቱ ጓሮ የበላውን ኮክ ፍሬውን ኪሱ ውስጥ ይዞት መጣ። በተቆረጠ በርሜል ተከለው። በቀለ። ዳንኤል ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ሲይዝ ኮኩ ቁመቱ ከደረቴ በላይ ደርሶ ነበር።

እናቱ እማማ ዘነበች በስልክ «ጸበል ውሰጂው» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ጀምሯል፣ እንዴት ላቋርጠው?» አልኳቸው። ደግመው ደወሉ፣ ደግሜ እምቢ አልኩ። ሞተ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው።

እማማ ለልቅሶው መጡ። በእኔ ላይ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ደግ ቃልም አልወጣቸውም። አርባው ከወጣ በኋላ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ሊሄዱ በተዘጋጁበት ዋዜማ፣ «እዚያ ላይ ምን አለ?» ብለው ደረጃውን እያሳዩ ጠየቁኝ። ይዣቸው ወጣሁ።

«አበስኩ ገበርኩ! ሰው ጣራ ላይ ያርሳል እንዴ?» አሉ።

ከዚያ ኮኩን አዩት። ጠጋ ብለው ቅጠሉን አሸት አድርገው አሸተቱ። ከየት እንደመጣ ሳልነግራቸው አወቁት። ዞር ሳይሉ፣ «ልጄ ዘር አልተወም» አሉኝ። «ይኸን ተወ።»

በነጋታው ፌስታሉ ተፈታ። እማማ አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ኑሯችንን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት፤ አንዱን ሰው ያጣን፣ ስለ እሱ ግን የማናወራ። ጸበል የሚለው ቃል በመካከላችን እንደ ተቀበረ ፈንጂ ነበር፤ ሁለታችንም እየተጠነቀቅን ዙሪያውን እንሄዳለን። የምንነጋገረው ጣራው ላይ ብቻ ነው። «ቆስጣው ተባይ ገብቶበታል።» «አመድ ልነስንስበት፣ እማማ?» «ነስንሺ።» ይኸው ነበር ወሬያችን። ቢሆንም ወሬ ነው። እኔ ከሥራ እየሮጥኩ የምመለሰው ለዚያ ነበር።

በጎናችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ መሠራት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ካዛንቺስ ውስጥ በየአቅጣጫው ፎቅ የሚነሣበት ዘመን ነበር። መጀመሪያ ጉድጓድ፣ ከዚያ የፌሮ ጫካ፣ ከዚያ አንድ ደርብ፣ ሌላ ደርብ። ከእኛ ጣራ አልፎ ሲሄድ የጧት ፀሐያችንን ይዞብን ሄደ። እማማ ሣጥኖቹን እየገፉ ፀሐይ ወዳለበት ያዞራሉ። «ፀሐይ እንኳ ባለቤት ወጣላት» ይላሉ።

ኮኩ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ። መጋቢት ላይ፣ በዐቢይ ጾም፣ አውራ ጣት የምታካክል አረንጓዴ ፍሬ ያዘ። እማማ በየጧቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጣራ ይወጣሉ። ፍሬውን አይቆጥሩትም፤ የተቆጠረ አይበረክትም ብለው። ዝም ብለው ያዩታል።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ቅዳሜ እንግዲህ በዚያ ወር ነው።

በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ቧንቧው ሲከፈት እፍ ይላል እንጂ አያንጠባጥብም። ቤት ውስጥ ያለን አንድ ጀሪካን የመጠጥ ውሃ ነው። ጣራ ላይ ባለው በርሜል ደግሞ በድንገት ከጣለ ዝናብ የተጠራቀመ ትንሽ ውሃ አለ፤ እማማ በጣሳ እየለኩ ለአትክልቱ ያጠጡታል።

ከጎናችን ባለው ፎቅ ላይ ከማለዳ ጀምሮ አርማታ እየተሞላ ነበር። የማሽኑ ጩኸት መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። እማማ ጣራ ላይ ናቸው። እኔ ክፍል ውስጥ ለሰኞ የምለብሰውን እየተኮስኩ ነው። በድንገት አንድ ነገር ጓ ብሎ ተሰበረ። ተከትሎ ከባድ ነገር በጣራችን ላይ ተዘረገፈ፤ ጠጠር የጫነ መኪና ጭነቱን ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ከላይ ሠራተኞች ይጮኻሉ። «አቁም! አቁም! ሰው አለ! ከታች ሰው አለ!»

ካውያውን ልንቀለው ልተወው አላስታውስም። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁም አላስታውስም። «እማማ! እማማ!» እያልኩ በሩን ስገፋው አልከፈት አለኝ፤ ከኋላው የተከመረ ነገር አለ። በትከሻዬ ገፋሁት።

ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኗል። በላይኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ያለው የእንጨት ካሳፎርማ ተገንጥሎ፣ ውስጡ የነበረው እርጥብ አርማታ እንዳለ ጓሯችን ላይ ወርዷል። ቆስጣው የለም። ጎመኑ የለም። ሣጥኖቹ ተሰባብረው ጠጠርና ጭቃ ተከምሮባቸዋል። ከላይ አሁንም የሲሚንቶ ውሃ ይንጠባጠባል።

እማማ በሕይወት አሉ። ኮኩ ሥር ተንበርክከዋል። ከራሳቸው እስከ እግራቸው ሲሚንቶ ናቸው። ጣውላው አልነካቸውም፤ አምላክ ለጥቂት አትርፏቸዋል ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። እሳቸው አልሰሙኝም። በሁለት እጃቸው ከኮኩ ቅጠል ላይ ሲሚንቶውን ይጠርጋሉ።

«ነይ! ነይ ቶሎ! ሳይደርቅ እንጠበው!» አሉኝ።

ቀና ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። ዓይኖቻቸው ቀልተው ያለቅሳሉ፤ ሽፋሽፍታቸው ላይ ግራጫው ጭቃ ተጣብቋል። በነጠላቸው ይጠርጉታል፤ ነጠላው ራሱ ሲሚንቶ ነው።

«እማማ፣ ዓይንዎ!»

«አቧራ ነው፣ ይወጣል። ውሃ አምጪ!»

ዳንኤል ግንባታ ቦታ እየሄደ ይሠራ ስለነበር ሲሚንቶ ምን እንደሚያደርግ ሲያወራ እሰማለሁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ጊዜ አይሰጥም፤ እዚያው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት ይል ነበር። ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቼ ወደ ፊታቸው ይዤ መጣሁ።

«ቀና ይበሉልኝ። ዓይንዎን ይክፈቱ።»

ጣሳውን ከእጄ ነጠቁኝና ኮኩ ላይ ደፉት።

«እማማ! በልጅዎ ሞት! ዓይን ነው እኮ!»

«በልጄ ሞት አትበይኝ!» አሉ። እንዲህ ጮኸውብኝ አያውቁም። «በልጄ ሞት አትበይኝ። ልጄ ይኸ ነው። እኔ አሮጊት ነኝ፤ ተይኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። መነጨቁኝ። አማቴ ናቸው፤ በጉልበት አስተኝቼ ውሃ ላፈስባቸው እንዴት ብዬ? ደግሞ የገበሬ ክንድ ነው፤ ብይዛቸውም የምችላቸው አይመስለኝም። አለቀስኩ፣ ለመንኳቸው። በመጨረሻ፣ «ኮኩን ብቻ እንጠበው፤ ከዚያ እታጠባለሁ» አሉኝ።

«ይማሉልኝ።»

«በጊዮርጊስ።»

አጠብነው። እኔ ከበርሜሉ እየቀዳሁ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ቅጠል በቅጠል ይጠርጋሉ። ውሃው ሲነካው ሲሚንቶው ይሟሟል፤ ደግሞ ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የታችኛውን ስናጥብ የላይኛው ይነጣል። የቀትር ፀሐይ ፎቁን አልፋ እላያችን ላይ ቆማለች። እያየሁት ይደርቃል። በርሜሉ ሥሩ ታየ።

«እማማ፣ ውሃው ማለቁ ነው። በቃ፣ የቀረችው ለእርስዎ ናት።»

«ይቺን ቅርንጫፍ ብቻ።»

«ምለውልኛል እኮ!»

«ይቺን ብቻ፣ ልጄ።»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ጣሳውን ሰጠኋቸው።

ሮጬ ወረድኩና የመጠጥ ውሃችንን ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ረውዳ ጩኸቱን ሰምታ፣ እሷም አንድ ጀሪካን ተሸክማ እያለከለከች ከኋላዬ ደረሰች። እማማን ስታያቸው ጀሪካኗን ጥላ ራሷን ያዘች።

«ምነው ዝም ትያቸዋለሽ? ዓይናቸው ጠፋ እኮ!»

«እምቢ አሉኝ።»

«እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎ! ይምጡ!» ብላ ከወገባቸው አቀፈቻቸው። እኔ ከፊት ያዝኳቸው። ያን ጊዜ አልታገሉንም። እጃቸው አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ነበርና ስንስባቸው ቅርንጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ከነፍሬው እጃቸው ላይ ቀረ። ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዞሩ።

«ደመና ሆነ እንዴ?» አሉ።

እኔና ረውዳ ተያየን። ፀሐይዋ ሶሌታውን እንደ ምጣድ አግላዋለች። ሰማይ ላይ አንድ ቁራጭ ደመና የለም።

የሁለቱንም ጀሪካን ውሃ ዓይናቸው ላይ አፈሰስነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እዚያ ያለችው ነርስ አስተኝታ የግሉኮስ ከረጢት እየቀደደች ብዙ አጠበቻቸውና፣ እጇ ላይ የሚወርደውን እያየች ፊቷ ተለወጠ። «ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለችን። ታክሲ ውስጥ እማማ የተሰበረችውን ቅርንጫፍ አልለቅ ብለው ጭናቸው ላይ ይዘዋታል። ኦሎምፒያ ላይ መኪናው በመንገድ መዘጋጋት ቆመ። ሰው በየካፌው በረንዳ ተቀምጦ ይስቃል። ሰው ቅዳሜ እንደሚስቅ ረስቼው ነበር።

ሆስፒታል የነበረው ወጣት ሐኪም በመብራት አየ፣ ደግሞ አየ።

«መቼ ነው የገባው?»

«ረፋድ ላይ» አልኩ።

«እና ያኔውኑ አልታጠቡም? በጣም ብዙ ውሃ ያስፈልግ ነበር። እያንዳንዷ ደቂቃ እኮ…»

አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«ውሃ አልነበረም፣ ልጄ» አሉት። «ሰፈራችን ውሃ የለም።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ። አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ አጠገቤ ተቀመጡ። ተኝተው እንዲቆዩ አልጋ እየተፈለገ ነበር። ሰው ይተላለፋል። እጃቸው ፈልጎ ጉልበቴን አገኘው።

«ያን ጊዜ ጸበል ውሰጂው ብዬሽ አልሰማሽኝም» አሉ።

ይህን ቃል ስጠብቀውና ስፈራው ነበር የከረምኩት።

«ዛሬ ደግሞ እኔ አልሰማሁሽም» አሉ። እጃቸውን ግን አላነሱም።

በነጋታው የግንባታው ፎርማን ከሠራተኞቹ ጋር መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና፣ «እህቴ፣ ምን ልበልሽ» አለኝ። ምንም እንዲል አልፈለግሁም። ጣራው ላይ የደረቀውን በዶማና በመዶሻ እየፈለጡ በከረጢት አወረዱት። የዳንኤል አፈር፣ ስንት ዓመት ልጣጭና አተላ ሲያበላው የኖረው ጥቁር አፈር፣ ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ ወረደ። አላስቆምኳቸውም። ኮኩን ብቻ «ተዉት» አልኳቸው። ቆሞ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላው ፍሬው ረገፈ፤ ቅጠሉ ተጠቀለለ፤ ከዚያ ግንዱ በጥፍር ሲጫር ውስጡ ቡናማ ሆነ።

እማማ ከሆስፒታል ሲወጡ አንዱ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። ሌላው ብርሃንና ጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ጣራው ስለሆነው ነገር ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሳስብ ከረምኩ። ኮኩ አለ ልበላቸው? ይዣቸው እንድወጣ ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ጨብጠው አቆሙኝ። አንገታቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ እርጥቡ አፈር፤ ይሸት የነበረው ሁሉ የለም።

«መልሺኝ» አሉ።

ከፋሲካ በፊት የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ወደ መንዝ ወሰዳቸው። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ሰውየው መተላለፊያው በኩል ሊያስቀምጣቸው ሲል፣ «በመስኮት በኩል አድርገኝ» አሉት። አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ከታች ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ። ፊታቸው ወደ መስታወቱ ነበር። እንደማያዩኝ እያወቅሁ አወዛወዝኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ሰው የሞተበት ብዙ ነው። የሟቹን ጃኬት ሰቅላችሁ፣ ያስገባውን ሚስማር ሳትነቅሉ፣ የሚወደውን ጽዋ ለሌላ ሳትሰጡ የምትኖሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። እኔ ጓሮውን ስጠብቅ ባሌን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ያቺ ቅዳሜ ግን አንድ ነገር አሳይታኛለች፤ የሞተ ሰው ትቶት በሄደው ነገር ላይ የሚፈስሰው ውሃ በሕይወት ካለ ሰው ላይ የሚቀነስ ነው። በርሜሉ አንድ ነው። ይህን ማወቄ ምን እንደጠቀመኝ ግን አትጠይቁኝ። ካወቅሁ በኋላ ደስተኛ አልሆንኩም፤ ጠቢብም አልሆንኩም። ያን ቤት ለቀቅሁ። አበባ እንኳ ተክዬ አላውቅም። የሥራ ጓደኞቼ በረንዳቸው ላይ ጎመን ሲተክሉ ይጠይቁኛል፤ አፈሩ ምን ይሁን፣ ውሃው በየት ይውጣ። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። መጥተሽ እዪልን ሲሉኝ ሰበብ እፈጥራለሁ።

እማማን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መንዝ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ አደይ ነበር። ደጃፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድምፄን ሰምተው አወቁኝ፤ ጉንጬን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ «ከስተሻል» አሉኝ። አጠገባቸው ሳይሆን ፊት ለፊታቸው፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አወራን። ስመጣ መንገድ ላይ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ የወሰንኩት አንድ ነገር ነበር። ልሄድ ስል ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ዕለት ምነው እንዳጥብዎ እምቢ አሉኝ? ዓይንዎ ይድን ነበር እኮ።»

ብዙ አላሰቡበትም። የተናደዱም፣ የተከፉም አይመስሉም። ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው በቀስታ መለሱልኝ።

«ምን ላይበት፣ ልጄ?» አሉኝ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።